በአንጀት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ትል

በደጅ የቆመ ጠላት ይታያል፤ በቤት ውስጥ የተሸሸገው ግን ባለቤቱ እስኪደክም ይጠብቃል።

በአዳማ ዙሪያ፥ በወንጂ፥ በመቂና በባቱ እርሻ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት የሚረግጥ ሠራተኛ አለ። በአገራችን የሚገኘው ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ደቂቅ ትል፥ በዓይነ ምድር ከተበከለ አፈር በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ በአንጀት ይቀመጣል። ከአብዛኞቹ የአንጀት ትሎች የሚለየውም በዚያው በሰው አካል ውስጥ እየተራባ ብዙ ዘመን መኖሩ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት በሩቅ ምሥራቅ ተማርከው በነበሩ ወታደሮች ላይ ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ ተገኝቷል።

ሰውነት ብርቱ ሲሆን ትሉን ገትቶ ይይዘዋል። ነገር ግን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ሲወሰድ የመከላከል ኃይል ይደክማል፤ ትሉም በዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌላው የአካል ክፍል ይሠራጫል፤ ሕይወትንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ስለዚህ ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። የታዘዘለትም ሰው በባዶ እግሩ በእርሻ የሠራ መሆኑን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። አንድ ጊዜ የተደረገ የዓይነ ምድር ምርመራ ትሉን ሊስተው ስለሚችል፥ ደግሞ መመርመር ይገባል። የተገኘበት እንደ ሆነም አይቨርሜክቲን የሚባል መድኃኒት አለለት።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና እግርን በጫማ መሸፈን ነው።