ያውቁ ኖሯል? የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ በጥያቄ ይጀምራል

• አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር የታመመ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሐኪሙ ስለ ቤተሰብ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

• ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ስላለ ብቻ ካንሰር አለ ማለት አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገትና በዕድሜ የሚመጣ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግም ከፍ ያደርጉታል። ፊናስቴራይድ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ለወራት ሲወሰድ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል።

• አልትራሳውንድ የዕጢውን መጠንና ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት ያሳያል፤ ካንሰር አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም።

• እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመውና 500 ወንዶች በተሳተፉበት የፕሪሲዥን ጥናት፣ ከፕሮስቴታቸው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ኤምአርአይ ከተነሡት ውስጥ አሳሳቢ ካንሰር የተገኘው በ38 በመቶው ላይ ነው፤ ያለ ኤምአርአይ በተለመደው የናሙና አወሳሰድ ግን በ26 በመቶው ብቻ።

• ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የረሱትን ለማምጣት መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ወደዚያ ሪፈር የተጻፈልዎ አባት ከሆኑ የቀድሞ የፒኤስኤና የአልትራሳውንድ ውጤትዎን፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ይያዙ። ካንሰሩ ወደ አጥንት ሊዛመት ስለሚችል፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም ካለብዎ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።