ወደ ሚጽፔ ራሞን በብስክሌት፦ የኔጌቭ ተራራ የአንድ ቀን መንገድ

የዛሬው ወሬያችን ብስክሌት ነው። በሽኩናችን በዩድ አሌፍ ብስክሌት ሞልቷል፤ በረንዳ ላይ የታሰረ አለ፣ ሚክላት ውስጥ የተቆለፈ አለ፣ ከተገዛ ጀምሮ ከሱፐር ያላለፈም አለ። ወጣቶች ደግሞ "እስከ ሚጽፔ ራሞን በብስክሌት መውጣት ይቻላል ወይ?" ይላሉ። ይቻላል። ነገር ግን እግር ብቻውን አያደርስም። ያን ቀን የሚወስኑት ውሃና ሰዓት ናቸው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። ከቤር ሼቫ እስከ ሚጽፔ ራሞን በ40 ቁጥር መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር እንኳ አንሞላም፤ ሚጽፔ ራሞን ግን ከ800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለጀማሪ አልመክርም። እስከ ስዴ ቦቄር ያለው የመጀመሪያው ክፍል በፋብሪካ በኩል ያልፋል፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ልፋት እንጂ ደስታ የለውም። ስለዚህ ብስክሌቱን አውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስገቡና (ቦታ ካለ ነው፣ ሾፌሩን በትሕትና ጠይቁት) ሚድረሼት ቤን ጉሪዮን ውረዱ። ቤን ጉሪዮን እ.ኤ.አ. በ1973 የተቀበረው እዚያ ነው፤ ከመቃብሩ አጠገብ ቆማችሁ የናሃል ጺንን ገደል ስታዩት አገሩ እውነትም ተራራ መሆኑ ይገባችኋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ አብዛኛው ዳገት ነው።

አሁን ወላጆቻችን እዚህ ላይ ይስቃሉ። "ይሄ ደግሞ ተራራ ነው?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ሊማሊሞን ያውቃል፤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራውን ጥምዝምዝ መንገድ። ሊማሊሞን ላየ ሰው የኔጌቭ ዳገት ዳገት አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ የእዚያ አገር የተራራ ዕውቀት እዚህ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያ ውሃ የጠማው ሰው ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ምንጭ ወይም ወንዝ አያጣም። እዚህ ወደ ሸለቆ ብትወርድ የምታገኘው ጠጠር ነው፣ ሙቀቱም ይብሳል። ሚጽፔ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነውና። እዚያ ደግሞ ጋራውን በዞርክ ቁጥር ጎጆ አለ፣ እረኛ አለ፣ "ደህና ዋልክ" የሚል ሰው አለ። እዚህ ከአቭዳት ወዲያ ብዙ ኪሎ ሜትር ስትነዳ አንድ መንደር አታገኝም። መኪናው ያልፋል እንጂ አይቆምም።

ስለዚህ ውሃ። ለአንድ ሰው አራት ሊትር ያዙ። ይበዛል የሚል ይኖራል፤ አይበዛም። በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። የበረሃው አየር ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፣ ሸሚዛችሁ አይረጥብም፤ "አላላበኝም" ብላችሁ ትታለላላችሁ። በኋላ ሸሚዙ ላይ ነጭ ጨው ስታዩ ነው የሚገባችሁ። ከውሃው ጋር ጨው ያለበት ነገር ብሉ። ቆሎ፣ ተምር፣ በማር የተበጠበጠ በሶ፤ ሱቅ የሚሸጠውን ውድ የስፖርት ምግብ መግዛት የግድ አይደለም።

ሕጉ ይህ ይሁን፦ መንገዱ ሳይጋመስ ውሃው ከተጋመሰ ተመለሱ። መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ በቀረው ውሃ ትደርሳላችሁ። ግማሹ የት ነው ለሚል፣ ከአቭዳት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አቭዳት ላይ ማደያ አለ፤ ሆኖም ክፍት ይሆናል ብላችሁ ስንቃችሁን አትቀንሱ።

አቭዳት ላይ ግን አረፍ በሉ። ኮረብታው ላይ ያለው ፍርስራሽ የናባጣውያን ከተማ ነው፤ ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ናባጣውያን ዕጣንና ቅመም በግመል ጭነው ከፔትራ ወደ ጋዛ የሚያልፉ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚህ ምድረ በዳ የኖሩት ዝናቡ በጥቂቱ ሲወርድ ከአለቱ ላይ የሚፈሰውን በቦይ እየሰበሰቡ ጉድጓድ ውስጥ በማጠራቀም ነው። በኋላም በዚያው ዘዴ የሚታረስ እርሻ በአቭዳት ግርጌ እንደገና ተሠርቷል። እነሱም ጉዟቸውን የሚቆርጡት በውሃ ነበር፤ እኛም እንደዚያው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሚድረሻ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ፔዳል መርገጥ አለባችሁ። ከጓደኛ ጋር ስትቀጣጠሩ ግን በእኛ ሰዓት ነው ወይስ በእዚህ አገር ሰዓት የሚለውን ተነጋገሩ! በእዚህ አገር 7 ማለቴ ነው። በዝግታ፣ በቀላል ማርሽ፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብትነዱና አቭዳት ብታርፉ፣ ፀሐይዋ ሳትከር 5 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከባሕር በኩል፣ ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሳል። ወደ ደቡብ የሚሄደውን ይገፋዋል፣ ወደ ቤር ሼቫ የሚመለሰውን ግን ፊት ለፊት ይመታዋል። ለዚህ ነው መመለሻው በአውቶቡስ ይሁን የምለው።

ዓርብ ግን አደራ! አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይቆማል። ሰንበት የሚያከብር ቤተሰብ ልጅ ሚጽፔ ላይ ቢቀር፣ እናቱ ሻማ ይዛ በር በር ስታይ ታመሻለች። እኔ እሑድን ወይም የሥራ ዕረፍት ቀንን እመርጣለሁ። ወቅቱ ደግሞ ከሱኮት በኋላ እስከ ስግድ፣ ወይም ከፔሳህ በፊት ያሉት ሳምንታት ጥሩ ናቸው።

በእነዚህ ወቅቶች ታዲያ ደራሽ ውሃ አለ። ሰማዩ በላያችሁ ጥርት ብሎ እያለ፣ ሩቅ የዘነበው ዝናብ በናሃሉ ሊመጣ ይችላል። የኔጌቭ አፈር ዝናብ ሲነካው ላዩ ይደፈናል፣ ውሃ አይውጥም፤ ሁሉም ወደ ናሃል ይሮጣል። ዝናብ ይጥላል ከተባለ ጉዞው ይቅር። ከአስፋልት ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ መሄድ ለሚፈልግም አንድ ነገር፦ ብዙው ቦታ የሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ ቀጠና ነው። ካርታ ሳያዩና ፈቃድ ሳይጠይቁ መግባት የለም።

ዕቃው አጭር ነው። ካስዳ ከከተማ ውጪ በሕግ ግዴታ ነው። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፖምፓ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ የተሞላ ስልክ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላላችሁ፣ ዳገቱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ያንን ከባድ ብረት የምትገፉት እናንተ ናችሁ። ብቻችሁን አትውጡ። ጓደኛችሁ ራሱን ካመመው፣ ቃል ካምታታ፣ ወይም ሙቀት እያለ ቆዳው ከደረቀ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ 101 ደውሉ። ሚጽፔ ላይ ሆስፒታል የለም፤ ቅርቡ የእኛው ሶሮቃ ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር።

ስትደርሱ ማክቴሹ አፋፍ ላይ ቁሙ። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተቆፈረ ይመስላል እንጂ ውሃ ነው የቦረቦረው። ጥምዝምዙ መንገድ ወደ ታች ይጠራችኋል፣ ዋልያን የሚመስሉት የበረሃ ፍየሎችም እየዘለሉ ይወርዱበታል። በመጀመሪያ ቀን አትከተሏቸው። የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ልትወጡት ነው፣ ያውም በቀትር። አንድ ሻይ ጠጡና ወደ አውቶቡሱ ሂዱ።

ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እንመልሳለን። ደህና ሁኑ።