የፋይበርግላስ ጀልባ ጭረት፤ ተረትና እውነታ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው ከሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች መካከል በፋይበርግላስ የተሠሩ አሉ። የጣና ሐይቅ ዳርቻ በብዙ ቦታ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጀልባው ለመሳፈሪያ በተጠጋ ቁጥር ጎኑ ይቧጨራል። ለባለቤቱ ጀልባው እንጀራው ስለሆነ ጭረቱን ለማጥፋት የማይሞክረው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ጀልባውን የሚጎዳውም ይኸው ሙከራ ነው።

የፋይበርግላስ ጀልባ ላዩ ጄልኮት የሚባል ባለቀለም የሬዚን ሽፋን አለው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ ያለውን የመስታወት ክር ከውሃ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ተረት፦ ጭረት በሰም ይሞላል።
እውነታ፦ ሰም ጭረቱን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ጭረት ተፈግፍጎ የሚጠፋው ዙሪያው ያለው ጄልኮት እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ አንድ ጭረት በተፈገፈገ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሰሙም የመጨረሻው ሥራ ነው።

ተረት፦ ማንኛውም ጭረት ተፈግፍጎ ይጠፋል።
እውነታ፦ መጀመሪያ ቦታውን አጥበው በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍር ካልያዘና ውሃ ሲነካው ከዓይን ከጠፋ ላይ ላዩን ነው። ጥፍር ከያዘ ጠለቅ ያለ ነው። የመስታወቱ ክር ከታየ ደግሞ መፈግፈጉ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ውሃ ገብቶ ውስጡን እንዳያሳብጠው በጄልኮት መሞላት አለበት።

ተረት፦ የጥርስ ሳሙና፣ በረኪና ወይም የድስት ሽቦ ይበቃል።
እውነታ፦ የጥርስ ሳሙና ልስልስ መፈግፈጊያ አለው፤ ጭረት ለማውጣት ግን አቅም የለውም። በረኪና የቀረውን ሰም ያነሳል። የብረት ሽቦ አንዱን ጭረት ያጠፋና በምትኩ መቶ ይተክላል፤ የሚሰበረው ብናኝም ላዩ ላይ ተቀብሮ ይዝጋል።

ተረት፦ የመኪና ቀለም የሚሠራ ሁሉ ጀልባም ይሠራል።
እውነታ፦ ጎበዝ የመኪና ቀለም ባለሙያ እጁ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱም ኮምፓውንድ የሚባለው መፈግፈጊያ ቅባትም ያው ነው። ሽፋኑ ግን ይለያያል። የመኪና ላይኛው ግልጽ ቫርኒሽ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጄልኮት አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ ስለዚህ ሥራው ረዘም ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ግን ጄልኮትም ስስ ነው፤ እዚያ እጅ መቅለል አለበት።

ተረት፦ ሻካራ ወረቀት ሥራ ያፈጥናል።
እውነታ፦ ሻካራው የሚተወውን ጭረት ማጥፋት ከመጀመሪያው ጭረት ይከብዳል። ለቀላል ጭረት ከ1000 ቁጥር ይጀምሩ፤ ቀጥሎ 1500፣ ከዚያ 2000። ጥፍር ለሚይዘው 800 ሊያስፈልግ ይችላል። ወረቀቱን በጠፍጣፋ ጎማ ላይ ጠቅልለው፣ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ እያራሱ ይፈግፍጉ። ቁጥር በቀየሩ ቁጥር አቅጣጫ ይቀይሩ፤ ያለፈው ወረቀት መስመር ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ። በመጨረሻ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽና ሰም ይከተላሉ። ማሽን ከተጠቀሙ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፤ ሙቀቱ ጄልኮቱን ያቃጥላል።

ተረት፦ የደበዘዘ ጀልባ የተጫጫረ ጀልባ ነው።
እውነታ፦ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጎኑን ሲዳስሱት ነጭ ዱቄት እጅዎ ላይ ከቀረ ጄልኮቱን የበላው ፀሐይ ነው። ለዚህ ኮምፓውንድና ሰም ይበቃል፤ ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልገውም።

ሥራው ከሐይቁ ርቆ፣ ጥላ ሥር ይሠራ። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ዓሣውም ሰዎቹም የሚኖሩበት ውሃ የሬዚን ዝቃጭ ሊገባበት አይገባም። ከሁሉ በፊት ግን መሳፈሪያው ላይ አሮጌ ጎማ ይሰቀል፤ አሸዋ የያዘ ደረቅ ጨርቅም ጀልባውን አይንካው። ያልተጫረ ጄልኮት መፈግፈግ አያስፈልገውም።