የሻይ ዛፍ ዘይት እና ውሾች

የሻይ ዛፍ ዘይት በአውስትራሊያ ከሚበቅል ሜላሉካ ከተባለ ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት የሚወጣ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ነው። ቲ ትሪ ኦይል በመባልም ይታወቃል። ሻይ ቅጠል ከሚለቀምበት ተክል ጋር ዝምድና የለውም። ሰዎች ለብጉርና ለፎረፎር ይቀቡታል፤ ያልተበረዘው ዘይት ግን ለውሻ መርዝ ነው።

የመመረዝ መንስኤ

በዘይቱ ውስጥ ያሉት ተርፒን የተባሉ ውህዶች ስብ ውስጥ ስለሚሟሙ በቆዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ። ውሻው የተቀባውን ቦታ ሲልስ ደግሞ ይውጣቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 በአሜሪካ ለእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል የደረሱ የ443 ውሾችና ድመቶች መመረዞች ተጠንተው ነበር። ከ10 እንስሳት 9 ያህሉ የተመረዙት በአደጋ ሳይሆን ባለቤቶቻቸው ለሕክምና ብለው ንጹሑን ዘይት በመጠቀማቸው ነው።

ምልክቶች

ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፤ እስከ 3 ቀንም ሊቆዩ ይችላሉ። እነርሱም፦
* ለሃጭ መብዛት
* መፍዘዝና መድከም
* መንገዳገድ፣ እግርን ማዘዝ አለመቻል
* መንቀጥቀጥ

ጥንቃቄና የመጀመሪያ እርዳታ

ንጹሕ ዘይት ለቁንጫም ሆነ ለቁስል ውሻ ላይ አይቀባም። ጠርሙሱ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ሽታው በመሣሪያ በሚረጭበት ቤት መስኮት ይከፈታል፤ ውሻውም ከክፍሉ መውጣት መቻል አለበት። ዘይቱ ቆዳውን ከነካው በፈሳሽ የዕቃ ሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ከዋጠው ግን እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።