ስለ በቅሎ አያያዝና አጫጫን፤ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች በቅሎ ያለው ቤት መንገድ ያለው ቤት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፥ ከኮምቦልቻም ወደ ባቲ የሚወርደው የመኪና መንገድ ጥቅሙ በዳርቻው ለሚኖረው ሰው ነው። በአልብኮ፥ በኩታበር፥ በለጋምቦ፥ በተንታና በደላንታ ከመንገዱ ርቆ በገደል አፋፍና በሸንተረር ላይ ለሚኖረው ገበሬ ግን እህሉን ወደ ወፍጮ፥ ትርፉን ወደ ገበያ የምታደርስለት፥ ጨውንና የአፈር ማዳበሪያውን ወደ ቤቱ የምታመጣለት፥ የታመመውንም ቤተ ሰብ ወደ ሐኪም የምትወስድለት በቅሎው ናት። እንግዲህ አንዲት በቅሎ ጀርባዋ ቆስሎ ሁለት ወር ከበረት የዋለች እንደ ሆነ፥ የዚያ ቤት መንገድ ሁለት ወር ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን ነገር አገር ገዥዎች፥ ባለመሬቶችና የወረዳ ሹማምንት በተለይ ሊያስቡበት ይገባል። በቅሎን ብዙ ጊዜ የሚያቆስላት ባለቤትዋ አይደለም፤ ለአንድ ቀን የተዋሳት ወይም የተከራያት ሰው ነው፤ ከተዋሾቹና ከተከራዮቹም መካከል የመንግሥት ሥራ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም።

የወሎ አገር የበቅሎን ጥቅም የሚያውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባወጁ ጊዜ ለሠራዊቱ መሰብሰቢያ ከተወሰኑት ስፍራዎች አንዱ ወረኢሉ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ስንቁና ድንኳኑ የተጓዘው በበቅሎ፥ በአህያና በሰው ትከሻ ነው። ከባቲ ገበያም፥ ይኸውም ዘወትር ሰኞ ከሚቆመው፥ የአፋር ግመል ያራገፈውን ጨው ወደ ደጋ የሚያወጣው በቅሎና አህያ ነበር፤ ግመል ዳገትና ብርድ አይስማማውምና። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመኪና የሚሆኑት ትልልቅ መንገዶች ከተሠሩ ወዲህ የሩቁን ጭነት መኪና ወሰደው፤ የቅርቡና የገደሉ ጭነት ግን ዛሬም የበቅሎ ነው።

በአያያዝ ጉድለት የሚመጣውን ጥፋት ለማየት አንድ የታወቀ ታሪክ ይበቃል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ ከግብጽ፥ ከቱርክና ከእስፓኝ ሳይቀር በብዙ ሺሕ የሚቆጠር በቅሎ ገዝተው በዙላ ወደብ አወረዱ፤ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ አመጡ። ነገር ግን የበቅሎዎቹ ጠባቂዎች ከየወደቡ የተለቃቀሙ፥ ሥራውን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ማሰሪያው ደካማ ሆኖ በቅሎዎቹ እያኘኩ በጠሱት፤ ውሃውም አልበቃም፤ በሽታም ገባባቸው። ስለዚህ እጅግ ብዙዎቹ ገና አንድ ዳገት ሳይወጡ በባሕሩ ዳር አለቁ። በቅሎው ሞልቶ ሳለ የጎደለው ጠባቂና ማሰሪያ ነበር።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ተረቱ የሚስቅባት በአባትዋ ስላፈረች ነው፤ በቅሎ ለሚያስወልድ ሰው ግን መልስዋ የሚናቅ አይደለም፤ የበቅሎ ቁመትና አካል ይልቁን እናትዋን ይከተላልና። ኮሳሳ ባዝራ ይዞ ትልቅ በቅሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። አባት የሚሆነውም ሲናር አህያ ከግልገልነቱ ጀምሮ ከፈረሶች ጋራ ያደገ ቢሆን ይመረጣል፤ ከአህዮች ብቻ ጋራ ያደገ እንደ ሆነ ባዝራ አይቀርብም። ባዝራዪቱ ረዥም ስትሆን ዝቅ ካለ ስፍራ ላይ ትቆማለች። የምታረግዘው አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነው።

በቅሎ ራስዋ የማትወልድበት ምክንያት የታወቀ ነው። የዘር ባሕርይ የሚተላለፍባቸው ክሮሞሶም የሚባሉት ረቂቅ ነገሮች በፈረስ 64፥ በአህያ 62 ናቸው፤ በበቅሎ ግን 63 ስለሚሆኑ ጥንድ ለጥንድ ሊገጥሙ አይችሉም፤ ስለዚህ መካን ትሆናለች። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዷ በቅሎ ከአንዲት ባዝራ ማሕፀን መውጣት አለባት፤ ባዝራዪቱም በቅሎ በወለደችበት ዓመት ፈረስ አልወለደችም። በወረዳው ውስጥ ያሉትን ባዝራዎች ሁሉ ለአህያ የሰጠ አገር ከጥቂት ዘመን በኋላ ፈረሱንም በቅሎውንም ያጣል። ይህን ሒሳብ ገበሬው ብቻውን ሊያየው አይችልም፤ የወረዳው ሹም ሊያየው ይገባል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። የበቅሎ ግልገል አንዳንድ ጊዜ ደኅና ሆኖ ከተወለደ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይደክማል፥ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፥ ይሞታልም። ብዙ ሰው ይህን ቡዳ በላው ይላል። ነገሩ ግን የእናቲቱ ደም ከአህያው የተወረሰውን የግልገሉን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚጠላውና ጥላቻውም በመጀመሪያው እንገር ስለሚተላለፍ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ግልገልዋ እንዲህ የሞተባት ባዝራ ሁለተኛ በወለደች ጊዜ ግልገሉን ሁለት ቀን ያህል ከጡትዋ ከልክሎ፥ እርስዋን እያለቡ ወተቱን መድፋት፥ ለግልገሉም ከወለደች ሌላ ባዝራ እንገር ማጠጣት ያድነዋል። ወንዱ በቅሎ መካን ቢሆንም ካልተኮላሸ ክፉ ይሆናልና በሁለት ዓመቱ ገደማ መኮላሸት ይገባዋል። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ምንም አትጫን፤ ሙሉ ጭነት የሚገባትም ጥርስዋን ጨርሳ በአምስት ዓመትዋ ነው። እንዲህ የተያዘች በቅሎ ሃያ ዓመት ትሠራለች፤ ሠላሳ ዓመት የምትኖርም አለች።

በገበያ ለሚገዛ ሰው ከጥርስ ይልቅ ጀርባ ይናገራል። በትከሻዋ ጉብታ ወይም በጎድንዋ ላይ ነጭ ጠጉር እንደ ሳንቲም ተበታትኖ የበቀለባት በቅሎ ቀድሞ ገጥባ የዳነች ናት። ሻጩ «ሲፈጥራት ነው» ቢል አይታመን። በመዳፍ ጀርባዋን ቀስ ብሎ ሲጫኑት የምትጎብጥና የምትሸሽ በቅሎ ገና አልዳነችም። የአፍዋም ጫፍ ይታይ፤ በሽቦ ልጓም የተቆረጠ ከንፈር የቀድሞ ጌታዋን ጠባይ ያሳያል። ቁልቁለትም አስወርዶ ማየት ይገባል፤ በሜዳ ያልታየ ማነከስ በቁልቁለት ይታያልና።

ስለ ምግብዋ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለመካከለኛ በቅሎ በቀን አምስት ኪሎ ያህል ድርቆሽና የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ፥ በምትሠራበት ቀን የተከካ ገብስ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ፥ የምትልሰውም ጨው ይበቃታል። ቆማ የምትውል በቅሎ ግን እህል አያስፈልጋትም፤ እግርዋን ያሳምማታል። ውሃ ከገብሱ አስቀድማ ትጠጣ።

ዋናው ነገር ጭነቱ ነው። የወሎ በቅሎ ክብደትዋ ብዙ ጊዜ 250 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚሆን የሚገባት ጭነት ከ60 እስከ 80 ኪሎ፥ ይኸውም አራት ፈረሱላ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ተሸክማ መሄድዋ አይካድም፤ ነገር ግን የሄደችው በጉልበትዋ ሳይሆን በዕድሜዋ ነው። ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል መሆኑን ከመጫን በፊት በእጅ አንሥቶ መመዘን ይገባል፤ በአንድ ወገን አምስት ኪሎ የበለጠ እንደ ሆነ ኮርቻው ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ወገን እየተጎተተ ቆዳውን ይፍቀዋል።

ከጭነቱ በታች በጀርባዋ ላይ የሚጣለው ድልዳል በጭድ ወይም በሣር የተሞላ ሁለት ትራስ ሆኖ፥ በመካከሉ በአከርካሪዋ አጥንት ላይ ነፋስ የሚያልፍበት ቦይ ሊኖረው ያስፈልጋል። ክብደቱ በጎድኖችዋ ላይ ይረፍ እንጂ አጥንቱን አይንካ። ከድልዳሉም ሥር የበግ ቆዳ ወይም ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ። በዛሬ ጊዜ የማዳበሪያ ከረጢት አጥፎ ማንጠፍ፥ በናይለን ገመድም ማሰር ተለምዷል። ከረጢቱ ላብ አይመጥም፥ ገመዱም እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ርካሽ መስሎ ውድ የሚሆን ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሰፊ የቆዳ ጠፍር ወይም የጥጥ መቀነት ይሻላል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ለጭነት ትልቅ ፈተና ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፥ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሲወርዱ ጭነቱ ወደ ፊት ሸርተት እያለ የትከሻዋን ጉብታ ይመታል፤ ሲመለሱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሽንጥዋን ይጎትታል። ስለዚህ በጅራትዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ለቁልቁለቱ፥ የደረቱ ጠፍር ለዳገቱ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የጅራቱም ጠፍር በጨርቅ ይጠቅለል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ቆም ብሎ ማጥበቅና ማስተካከል የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን ሩብ ሰዓት የነፈገ ነጋዴ ሁለት ወር ይከፍላል።

ከደረሱም በኋላ ጭነቱን አውርዶ ድልዳሉን ወዲያው መግፈፍ አይገባም፤ ጠፍሩን አላልቶ ጥቂት ጊዜ ማቆየት ይሻላል። ብዙ ሰዓት ታፍኖ የቆየው ቆዳ ደሙ በድንገት ሲመለስበት ያብጣልና። በኋላ ድልዳሉ ሲነሣ ላቡ ይታይ። ጀርባዋ ሁሉ በላብ ርሶ በመካከሉ ደረቅ ስፍራ የተገኘ እንደ ሆነ ክብደቱ በዚያ ላይ በዝቶ ላቡን አፍኖታል ማለት ነው። እዚያ ላይ መዳፍ ሲያስቀምጡ የሚግል ከሆነ የነገው ገጣባ የሚወጣበት ስፍራ ተገኘ። በዚያ ቀን ድልዳሉን አስተካክሎ በቅሎዪቱን ያሳረፈ ሰው በሦስትና በአራት ቀን ይመለስላታል፤ በማግሥቱ የጫነባት ግን ቁስል አደረገው።

ለቆሰለው ጀርባ መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ፈልቶ በበረደ ውሃ ጥቂት ጨው ጨምሮ በየቀኑ ማጠብ፥ ዝንብ እንዳያርፍበት መከላከል፥ አዲስ ቆዳ ፈጽሞ እስኪሸፍነው ድረስ አለመጫን። በጋለ ብረት መተኮስ፥ የባትሪ ውሃና አመድ ማፍሰስ ቁስሉን ያሰፋዋል። መግል የያዘና ወደ አጥንት የዘለቀ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ቆዳው ላይ እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ የሚወጣና የሚፈነዳ እበጥ ከታየ ግን ይህ በቁስልና በዝንብ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና በቅሎዪቱ ትለይ፤ ኮርቻዋም ለሌላ አይዋል።

የፈረስ በሽታ የተባለው ደግሞ ረቂቅ በሆነች ትንኝ የሚተላለፍ ነው። ፈረስን ከመቶ ከ70 እስከ 95፥ በቅሎን እስከ 50 ይገድላል፤ አህያ ግን ከመቶ ዐሥር ያህሉ ብቻ ይሞታል። ትኩሳት፥ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ማበጥ፥ በአፍንጫ አረፋ መውጣት ምልክቶቹ ናቸው። የሚበዛው ክረምቱ ሲያልቅ ነው፤ ሞቃትና ረግረግ በሆነው በቦርከና ሜዳ በኮምቦልቻ በኩል ደግሞ ከደሴ ደጋ ይልቅ ትንኙ ይስማማዋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ በኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ። ክትባቱን ትንኙ ከመብዛቱ በፊት ማስከተብ፥ በቅሎንም ከፀሐይ መግቢያ እስከ መውጫ ከበረት ማስገባት ይጠቅማል።

በቅሎ እልኸኛ ናት ማለት የተለመደ ነው። ነገሩ ግን ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል፥ በቅሎ ስትፈራ ትቆማለች። በበሽሎ ገደል ላይ ቆማ አልሄድም ያለች በቅሎ ምናልባት ጋላቢው ያላየውን የተናደ ድንጋይ አይታለች። ስለዚህ ሳይመረምሩ መግረፍ ክፉ ነው፤ የመታትንም ሰው አትረሳም።

እንግዲህ ወደ ተዋሹና ወደ ተከራዩ ሰው እንመለስ። ለእርዳታ እህል፥ ለክትባት ዕቃ፥ ለምርጫ ሳጥን፥ ለዳኝነት ወይም ለሠርግ ጉዞ ከገበሬው ቤት በቅሎ ሲወሰድ፥ ወሳጁ በዚያች ቀን መድረሱን እንጂ በቅሎዪቱ ነገ የምትሠራውን አያስብም። ገበሬውም ሹሙን «ጭነቱ በዛ» ለማለት ያፍራል ወይም ይፈራል። ስለዚህ መንገድ የሚያስጀምረው ሹም ራሱ በቅሎዪቱን ከመቀበሉ በፊት ጀርባዋን በባለቤትዋ ፊት ይይ፤ የገጠበች ከሆነች ምንም ሥራው ቢያስቸኩል አይቀበል። ከተቻለ ከባለቤትዋ ድልዳልና ከባለቤትዋ ጫኝ ጋራ ትሂድ፤ የጀርባዋን ቅርጽ የሚያውቅ የራስዋ ድልዳል ነውና። የጭነቱም ልክ አስቀድሞ በኪሎ ይነገር። በተመለሰች ጊዜ ድልዳሉ በሁለቱም ፊት ይነሣ፤ ሹሙም ገበሬውም መዳፋቸውን በጀርባዋ ላይ ያሳልፉ፤ አብጦ ወይም ቆስሎ ከተገኘ ኪራይዋ እስከምትድንበት ቀን ድረስ ይታሰብለት።