ዝም ብሎ የሚሳሳት ኮድ፦ የጃቫን አሮጌ የፋይል ላይብረሪ ስለመተካት

ባንክም ሆነ ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ አስመጪ ድርጅት የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ቀኑን ሙሉ ከፋይል ጋር ይውላል። ደረሰኝ ያስቀምጣል፣ ያለፈውን ወር ሪፖርት ይከፍታል፣ ጊዜያዊ ፋይል ያጠፋል፣ ያለቀለትን ሰነድ ወደ ማኅደር ፎልደር ያዛውራል። ፕሮግራመሩ ይህን ሁሉ ከባዶ ተነሥቶ አይጽፈውም፤ ፕሮግራሙን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኝ፣ ሌሎች አስቀድመው ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ አለ፤ ላይብረሪ ይባላል። በጃቫ ቋንቋ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው የ1996 (እ.ኤ.አ.) እትም ጀምሮ የያዘው «ፋይል» የተሰኘው ክላስ (ከላይብረሪው የኮድ ክፍሎች አንዱ) ነው። በ2011 የወጣው ጃቫ 7 «ፓዝ» እና «ፋይልስ» የሚባሉ ተተኪዎችን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም በአሮጌው የተጻፈ ኮድ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የያዙት ባለሙያዎችም ይነካ ወይስ ይቅር በሚል ይከራከራሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ኮዱ ወደ አዲሱ መሻገር አለበት። አሮጌው ላይብረሪ ሲያቅተው ዝም ይላል፣ አዲሱ ግን ይናገራል፤ ሽግግሩ የሚጠቅመውም የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ካለ ነው።

ዝምታው ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። አሮጌው ክላስ ፋይል እንዲያጠፋ ሲታዘዝ የሚመልሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሆነ ወይም አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አይናገርም። ፋይሉ ከመጀመሪያውም አልነበረም? ፕሮግራሙ ፈቃድ የለውም? ይጥፋ የተባለው ፎልደር ሆኖ በውስጡ ሌሎች ፋይሎች አሉ? ወይስ በዊንዶውስ ላይ ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ይዞታል? አራቱም የየራሳቸው መፍትሔ ያላቸው ችግሮች ናቸው፤ ምላሹ ግን አንድ ነው። ይባስ ብሎ ፕሮግራመሩ «አልሆነም» የሚለውን ምላሽ ሳያየው ቢያልፍ የሚያስቆመው የለም፤ ኮዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። የፋይል መጠን ሲጠየቅም ባዶ ፋይልና ጨርሶ የሌለ ፋይል እኩል ዜሮ ይባላሉ። መጨረሻ የተሻሻለበት ጊዜ ሲጠየቅም የሌለ ፋይል መልስ ያው ዜሮ ነው። ጃቫ ጊዜን መቁጠር የሚጀምረው ከ1970 መግቢያ በመሆኑ፣ ይህን ዜሮ ወደ ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ፈጽሞ ላልነበረ ሰነድ የዚያን ዘመን ቀን ጽፎ ያሳያል።

ማዛወር ላይ ሲደረስ አደጋው ይከብዳል። የጃቫ መመሪያ ራሱ የአሮጌው ላይብረሪ የስም መቀየሪያ አሠራር እንደየኮምፒውተሩ እንደሚለያይ፣ ፋይልን ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ማሻገር ሊያቅተው እንደሚችል፣ በመድረሻው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለም ሊከሽፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የዕለቱን ሒሳብ ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ በመዝገቡ ላይ «ተዛውሯል» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም እናስብ። ማዛወሩ ሲከሽፍ ምላሹን የሚያይ ካልተገኘ መዝገቡ ውሸት ይሆናል፤ ውሸቱም የሚታወቀው ምናልባት ኦዲተር ሰነዱን በጠየቀ ዕለት ነው። ሊነክስ ላይ ደግሞ ወደ ሌላ ፎልደር የሚመራ «ሲምቦሊክ ሊንክ» የሚባል ጠቋሚ አለ። አሮጌው ክላስ ጠቋሚውን ከእውነተኛ ፎልደር የሚለይበት ቀጥተኛ መንገድ የለውም። ስለዚህ ፎልደርን ከነይዘቱ እንዲያጠፋ የተጻፈ አሮጌ ኮድ በጠቋሚው በኩል አልፎ፣ ማንም አጥፋ ያላለውን የሌላ ፎልደር ይዘት ሊያጸዳው ይችላል።

አዲሱ ላይብረሪ የተነደፈው እነዚህን ክፍተቶች ለመድፈን ነው። ማጥፋት ሲያቅተው ኤክሴፕሽን ያስነሣል፤ ይህም ሥራውን አቋርጦ ምክንያቱን በስሙ የሚጠራ ምልክት ነው። የሌለ ፋይል፣ ባዶ ያልሆነ ፎልደርና የተከለከለ ፈቃድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኤክሴፕሽን አላቸው። ሲያዛውር ፕሮግራመሩ ነባሩ ፋይል ይተካ ወይም አይተካ ብሎ በግልጽ ያዛል፤ ማዛወሩ ወይ ሙሉ በሙሉ እንዲፈጸም ወይ ጨርሶ እንዳይፈጸም መጠየቅም ይችላል። የፎልደር ዛፍ ሲዳሰስ ካልታዘዘ በስተቀር ጠቋሚን ተከትሎ አይሄድም። ፋይል መኖር አለመኖሩ ሲጠየቅ እንኳ ሦስተኛ መልስ አለው፤ ለምሳሌ ፈቃድ በመከልከሉ ማጣራት ካልቻለ «አለ» ለሚለውም «የለም» ለሚለውም ጥያቄ አዎንታ አይሰጥም። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አለማቅረቡ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

ጉዳዩ በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውን ሰዎች ከሌላው አብልጦ ይነካናል። ጽሑፍን ወደ ፋይል የሚያስገቡት አሮጌዎቹ የጃቫ መሣሪያዎች፣ ፕሮግራመሩ ካልወሰነላቸው፣ ፊደሉን ወደ ባይት የሚቀይሩት ኮምፒውተሩ በለመደው ሠንጠረዥ ነበር። በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ አቀማመጥ በተዘጋጀ ዊንዶውስ ላይ ይህ ሠንጠረዥ ቁጥር 1252 ሲሆን፣ ለግዕዝ ፊደል አንድም ቦታ የለውም። በዚህ መንገድ «ሰላም» ብሎ ያስቀመጠ ፕሮግራም ፋይሉ ውስጥ የሚተወው ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፊደሉንም ከዚያ ፋይል መልሶ ማግኘት አይቻልም። የደንበኛ ስም የጠፋው እንዲህ ከሆነ፣ የጠፋው ለዘለቄታው ነው። በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይዞ «ሰላም» በዘጠኝ ባይት በትክክል ይቀመጣል። «ፋይልስ» ክላስ ሌላ ካልታዘዘ ዩቲኤፍ-8ን ይጠቀማል፤ ሠንጠረዥ ቁጥር 1252 ሰጥተን አማርኛ ጻፍ ብንለው እንኳ የጥያቄ ምልክት በማስገባት ፋንታ ኤክሴፕሽን አስነሥቶ ይቆማል። በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን ለአሮጌዎቹ መሣሪያዎችም መደበኛ አድርጎታል። በቀደሙት እትሞች ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ግን ዛሬም ለአደጋው የተጋለጠ ነው።

በሽግግሩ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «እየሠራ ያለን ኮድ አትንካ» የሚል ነው። ክብደት ያለው ምክር ነው፤ የተነካ ኮድ ሁሉ አዲስ ስህተት ሊገባበት ይችላል። ሆኖም የማይናገር ኮድ እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ስህተት አለመሰማቱ ስህተት አለመኖሩን አያሳይም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ከሽግግር በኋላ ፕሮግራሙ በድንገት መቆም ሲጀምር ብዙ ጊዜ አዲሱ ላይብረሪ ይወቀሳል። ለምሳሌ በሌላ ሠንጠረዥ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ሲገጥመው አዲሱ አንባቢ ትክክል ያልሆነ ባይት አገኘሁ ብሎ ይቆማል፤ አሮጌው ግን የተበላሸውን ፊደል በሌላ ምልክት ተክቶ ያልፈው ነበር። ችግሩ ድሮም ነበረ፤ አሁን የተጨመረው መታየቱ ነው። እርግጥ ነው፣ ደንበኛ እየጠበቀ ፕሮግራም ሲቆም ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ፋይሎች በምን ሠንጠረዥ እንደተጻፉ አስቀድሞ ማጣራትና ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ የሽግግሩ አካል እንጂ ተጨማሪ ሥራ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጃቫ ባለቤቶች ራሳቸው አሮጌውን «ፋይል» ክላስ ያልሻሩት መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ አልሻሩትም፤ አንድን «ፋይል» ወደ «ፓዝ» የሚለውጥ፣ ተመልሶም ወደ «ፋይል» የሚያመጣ መሸጋገሪያ ሜተድ (በክላስ ውስጥ ያለ ተግባር) አበጁለት። ከዚህ የምረዳው ሽግግሩ ደረጃ በደረጃ ሊሄድ እንደሚችል ነው፤ አያስፈልግም ለሚለው ግን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ክፍል ተሻግሮ ሌላው ተራውን ሲጠብቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሥራ ማቆም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ሽግግሩን በጣም ያቀልለዋል። አሮጌውን ስም በአዲሱ የሚቀይር መሣሪያ ስላለ በአንድ ቀን ይለቅ ይላል። የከፋው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያው ስም ይቀይራል እንጂ ማጥፋት ሲያቅት ምን ይደረግ የሚለውን ሊወስን አይችልም። የቸኮለ ፕሮግራመር ኤክሴፕሽኑን ይቀበልና ምንም ሳያደርግበት ይተወዋል፤ ያኔ አዲሱ ላይብረሪ እንደ አሮጌው ዝም እንዲል ተፈረደበት ማለት ነው። አዲሱ የራሱ ግዴታዎችም አሉት። የፎልደር ይዘትን በዥረት የሚያቀርበው ሜተድ ሥራው ሲያልቅ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ቀን ከሌት በሚሠራ ሰርቨር ላይ የተከፈቱት ይጠራቀሙና ሲስተሙ ከዚህ በላይ አልከፍትም ይላል። ይህን የሚያስተውለው ኮዱን ያነበበ ሰው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የጉዳቱ መጠን መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚያጠፋውና የሚያዛውረው ኮድ፣ ቀጥሎ ጽሑፍ የሚጽፈውና የሚያነበው፣ በመጨረሻ የፋይል ስም ብቻ የሚያቀብለው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ፕሮግራመሩ ይህ ባይሳካ ማን ማወቅ አለበት፣ ሥራውስ ይቁም ወይስ ይቀጥል ብሎ መጠየቅና መልሱን በኮዱ ላይ ማስፈር ይገባዋል። ሙከራውም ሥራው ሲሳካ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ሲከለከል፣ ፋይሉ ሲጠፋ፣ መድረሻው ተይዞ ሲገኝ የሚሆነውን ማሳየት አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራ አስኪያጆች ጊዜውን በዕቅዳቸው መያዝ ይኖርባቸዋል። ጊዜው ከተነፈገ ሽግግሩን ማዘግየት ይሻላል፤ ስሙ ተቀይሮ ዝምታው እንዳለ የቆየ ኮድ ችግሩ ተፈቷል የሚል የሐሰት እምነት ይፈጥራል፣ ተመልሶ የሚያየውም አይኖርም።