ዛፍና ቤት ምን ያህል ይራራቁ?

ክረምት ሲገባ የችግኝ ወቅትም አብሮ ይገባል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴ አሻራ በየዓመቱ ሕዝቡን ለተከላ ሲያስወጣ፣ ብዙ ቤተሰብ የራሱንም ግቢ ለማስዋብ ከችግኝ ጣቢያ አንድ ሁለት ችግኝ ይዞ ይመለሳል። የቱን ልትከል የሚለው በደንብ ይታሰብበታል፤ አበባው፣ ጥላውና ዋጋው ይነጻጸራል። የት ልትከል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ዶማው ሲነሳ ነው። ችግኙ ከግድግዳው አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወይም ከበረንዳው ጥግ ይተከላል። ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ችግኝ ማንንም አያሰጋም። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ግን ሥሩ ከመሠረቱ በታች ያለውን አፈር ያደርቃል፣ ቅርንጫፉ ከቆርቆሮው በላይ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ቤቱን ይጠግናል ወይም ዛፉን ይቆርጣል፤ አንዳንዱም ሁለቱንም ለማድረግ ይገደዳል። ይህ ችግር ገና ከመነሻው ሊቀር የሚችል ነው። ዛፍ ከቤት የሚርቅበት ልክ መወሰን ያለበት ዛፉ ሲያድግ በሚደርስበት ቁመትና በግቢው አፈር ዓይነት ነው። ይህን ርቀት የጠበቀ ሰው ቤቱን ከመሰንጠቅ፣ ዛፉንም ከመጥረቢያ ያድናል።

ብዙ ሰው ዛፍ ቤትን የሚጎዳው ሥሩ መሠረቱን ፈልቅቆ ሲገባ ይመስለዋል። ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። የሥር ጫፍ ለስላሳ በመሆኑ በደንብ የታነጸ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ሲያጋጥመው ዞሮት ይሄዳል እንጂ ጥሶት አያልፍም። ሥር የቅርንጫፉን ያህል ወደ ታች ይወርዳል የሚለውም ግምት ትክክል አይደለም። ሥር አየርና ውሃ የሚሻ በመሆኑ የአብዛኛው ዛፍ ሥር የሚበዛው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ታች ያልሄደው ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ የጥላውን ስፋት እጥፍ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ጥላው ቤቱን እስካልነካ ድረስ ሥሩም አልደረሰም ብሎ መዘናጋት አይገባም። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ሥሩ ከሚስበው ውሃ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ በሞቃትና በደረቅ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ከአፈር መጥጦ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይለቃል። በአሸዋማ ወይም በድንጋያማ መሬት ላይ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በአንዳንድ አፈር ላይ ግን ውሃው ሲወጣ አፈሩ ራሱ ይኮማተራል፤ የተሸከመው ቤትም አብሮት ይወርዳል።

ያ አፈር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ፣ የግንባታ ባለሙያው ብላክ ኮተን የሚለው ጥቁር አፈር ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ በአዲስ አበባም ቦሌን በመሳሰሉ ሜዳማ አካባቢዎች በሰፊው ይገኛል። በውስጡ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ በንብርብሮቹ መካከል እያስገባ እንደ ቦካ ሊጥ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። በክረምት ከጫማ አልለቅ የሚለው መሬት በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የአገራችን የአየር ጠባይም ነገሩን ያባብሰዋል። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ረጅም ደረቅ ወራት ይከተላሉ። ስለዚህ ዛፍ በሌለበት ግቢ እንኳ አፈሩ በየዓመቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ዛፍ ሲጨመርበት ድርቀቱ በአንድ በኩል ይከፋል፤ ዛፉ ባለበት ጎን አፈሩ እስከ ጥልቁ ይደርቃል፣ በሌላው ጎን እርጥበቱ ይቆያል። ቤቱ ሁለመናው እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። አንዱ ማዕዘን ወርዶ ሌላው ባለበት ሲቀር ግን ግድግዳው ከበርና ከመስኮት ጥግ እየጀመረ በሰያፍ ይሰነጠቃል። መሠረታቸው ጥልቀት የሌለው የብሎኬትና የጭቃ ቤቶች ከሁሉ በላይ ይጋለጣሉ።

ለዚህ ሰፊ ማስረጃ የተሰበሰበው በእንግሊዝ ነው። የለንደን ከተማ አብዛኛው ክፍል ያረፈው ሲደርቅ በሚኮማተር ሸክላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የደረሰው ከባድ ድርቅ ሸክላውን ሲያደርቀው ብዙ ቤቶች ተሰነጣጠቁ፤ የመድን ኩባንያዎችም በካሳ ጥያቄ ተጨናነቁ። በዚያው ዘመን የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ከተጎዱ ቤቶች ሥር የተገኙ ሥሮችን የየትኛው ዛፍ እንደሆኑ እየለዩ፣ ዛፉ ከቤቱ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር መዘገቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ ታተመ። በመዝገቡ ላይ ጉዳት የታየበት ከፍተኛ ርቀት ለአኻያ 40 ሜትር፣ ለኦክ 30 ሜትር ነው፤ የቼሪ ወገኖች ግን ከ11 ሜትር አላለፉም። እነዚህ የመጨረሻ ጫፎች ናቸው፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በጣም ቀርበው በቆሙ ዛፎች ነው። ሆኖም ልዩነቱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የርቀቱ ልክ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። የአገሪቱ የቤት ግንባታ ምክር ቤት መመሪያም ዛፎችን በውሃ ፍላጎታቸው በሦስት ይመድባል። በሚኮማተር አፈር ላይ ብዙ ውሃ የሚሻ ዛፍ ተጽዕኖው አድጎ የሚደርስበትን ቁመት 1.25 እጥፍ ርቀት ያህል ይሄዳል፤ መካከለኛው የቁመቱን 0.75፣ ትንሽ ውሃ የሚሻው የቁመቱን ግማሽ።

«ያ የእንግሊዝ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ቀድቶ መጠቀም እንደማይገባ እሙን ነው፤ ዝግባና ዋንዛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ነገር ግን ሸክላ የሚኮማተርበት ሕግ በለንደንም በቦሌም አንድ ነው። እንዲያውም በእነሱ ዘንድ ከባድ የበጋ ድርቅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ የእኛ በጋ በየዓመቱ ለወራት ይዘልቃል። ደግሞም ብዙ ውሃ ይሻሉ ከተባሉት መካከል እኛ በደንብ የምናውቃቸው አሉበት፤ ባሕር ዛፍ አንዱ ነው፣ የፈረንጅ ጥድ የሚመደብበት ወገንም ሌላው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶና ከግንባታ እንጨት እጦት ያወጣ ባለውለታ ነው። ቢሆንም 20 ሜትር የሚደርስ ባሕር ዛፍ በዚህ ስሌት 25 ሜትር ይርቃል ማለት ነው፤ ይህ ከብዙ የከተማ ግቢ ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ቦታው ከመኖሪያ ግቢ ውጭ ነው። ግራቪሊያና ጃካራንዳም በጥሩ መሬት ላይ ከ15 ሜትር በላይ ያድጋሉ፤ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ዕድሜ ካገኙ 40 ሜትር ሊጠጉ ይችላሉ። ሳሎን ውስጥ በአበባ ሸክላ ያደገው ፊከስ እንኳ ግቢ ሲወርድ ወፍራም ሥር የሚዘረጋ ትልቅ ዛፍ ይሆናል።

ጥቁር አፈር በሌለበት ግቢ ይህ ስጋት በእጅጉ ይቀላል፤ ርቀት መጠበቅ ግን አይቀርም። ሥር ከግንዱ አጠገብ እየወፈረ ሲሄድ የግቢውን ሊሾ፣ የእግረኛ ንጣፉንና ቀላሉን የግንብ አጥር ያነሳል። ሥር ደህና ቧንቧ አይሰብርም፤ ነገር ግን በሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ወይም በተሰነጠቀ ማንሆል በኩል እርጥበቱን ተከትሎ ይገባና ውስጡ ተባዝቶ ፍሳሹን ይዘጋል፤ ሴፕቲክ ታንክም ከዚህ አይድንም። ከጣሪያው በላይ የሚረግፈው ቅጠል አሸንዳውን ሲሞላው የክረምቱ ውሃ ወደ ግድግዳው ይፈሳል። በነፋስ የሚገነጠል ቅርንጫፍና በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ጫፍ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል አደጋ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ምን ይሁን? መጀመሪያ አፈሩን ይወቁ። በበጋ ሰፋፊ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ሲረጥብ በጣት ተድቦልቡሎ ሳይበጠስ ቀጭን ክር የሚሠራ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ዛፉን ቢያንስ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ልክ ከቤቱ ያርቁት። 6 ሜትር የሚደርስ ዛፍ 6 ሜትር፣ 12 ሜትር የሚደርስ 12 ሜትር ይራቅ። በቀይ፣ በአሸዋማና በድንጋያማ መሬት ላይ የቁመቱ ግማሽ ይበቃል፤ ትንሹም ዛፍ ቢሆን ግን ከ3 ሜትር በታች አይቅረብ። ከሴፕቲክ ታንክና ከፍሳሽ መስመርም ቢያንስ ከቤቱ የሚርቀውን ያህል ያርቁት። ሲለኩ የጎረቤቱን ግድግዳ አይርሱ፤ ከእርስዎ ቤት 10 ሜትር የራቀ ዛፍ ከጎረቤትዎ መኝታ ቤት አንድ ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የአካባቢ ደንብ ወይም ልማድ ከሌለ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ከወሰን 2 ሜትር እንዲርቅ የሚያዘው የጎረቤት ጠብ የሚነሳው ከዚህ እንደሆነ በማወቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የቦታ ጥበት ነው። 150 ካሬ ላይ ቤት፣ ማድ ቤትና የመኪና ማቆሚያ የሠራ ሰው 6 ሜትር ከየት ያመጣል? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ዛፉን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት አይደለም። ቦታው የሚፈቅደውን ተክል መምረጥ ነው። ሮማን፣ ሎሚ፣ ጌሾ፣ ጽጌረዳና እየተገረዘ የሚያዝ ቡገንቪሊያ ጠባብ ግቢን ያስውባሉ፤ ውሃ ፍላጎታቸውም ከትልቅ ዛፍ ጋር አይወዳደርም። ትልቁ ዛፍ ደግሞ የሚገባው ትልቅ ቦታ አለው፤ ትምህርት ቤት፣ የወንዝ ዳር፣ ሰፊ አደባባይ። ዝግባ፣ ወይራና ጥድ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በግርማ የኖሩት የእምነቱ ክብር ስለጠበቃቸው ነው፤ የሚዘረጉበት ስፋትም ረድቷቸዋል።

«ጥላውስ?» የሚለውም ሊመለስ ይገባል። ጥላ ለማግኘት ዛፍን ከግድግዳ ማስጠጋት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ወደ አናት ስለምትጠጋ፣ የዛፉ ጥላ ከራሱ ሥር ብዙ አይርቅም። ቤትን የሚያግለው በምዕራብ በኩል የሚገባው የከሰዓቱ ፀሐይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ወደ 45 ዲግሪ ስትወርድ የጥላው ርዝመት ከዛፉ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ በምዕራብ በኩል በቁመቱ ልክ ርቆ የተተከለ ዛፍ ግድግዳውን በሚፈለግበት ሰዓት ያጠላለታል።

«የጎረቤቴ ዛፍ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ 30 ዓመት ቆሞ ምንም አላደረገም» የሚል ክርክርም ይሰማል። ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ የማይኮማተር፣ መሠረቱም ጥልቅ ከሆነ ጉዳት ላይታይ ይችላል። አንድ ቤት መትረፉ ግን የሌላውን አፈር አይለውጠውም። «በየዓመቱ እገርዘዋለሁ» የሚለውም በከፊል ብቻ ይሠራል። ገረዛ የውሃ ፍላጎቱን ለጊዜው ይቀንሳል፤ ዛፉ ቅጠሉን ሲመልስ ፍላጎቱም ይመለሳል። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ የሚያወጣው አዲስ ቅርንጫፍ አያያዙ ደካማ ስለሆነ በነፋስ በቀላሉ ይገነጠላል።

ይህን ያነበበ ሰው ከቤቱ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ዛፍ መጥረቢያ ይዞ እንዳይሮጥ አደራ። በጥቁር አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ በድንገት ሲቆረጥ፣ ለዓመታት ደርቆ የኖረው አፈር ውሃውን መልሶ እየጠጣ ያብጣል፤ ቤቱንም ከታች ያነሳዋል። በተለይ ቤቱ ከዛፉ በኋላ የተሠራ ከሆነ ይህ ጉዳት ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ዛፍ የተመነጠረበት ቦታ ላይ ቤት ለመሥራት የሚያስብም ይህንኑ ለመሐንዲሱ አስቀድሞ ይንገር። ስንጥቅ ሁሉ ደግሞ የዛፍ ሥራ አይደለም፤ የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ሥር መጠራቀሙና የቧንቧ መፍሰስም ያመጡታል። በበጋ የሚሰፋ፣ በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ አፈሩ ከወቅት ጋር እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይጠቁማል፤ ከዛፉ በኩል ያለው ጎን ከሌላው ከከፋ ዛፉ ይጠረጠራል። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አመልክቶ ቀኑን መጻፍ፣ ስፋቱን በበጋና በክረምት መለካት፣ ከዚያም መሐንዲስ ማማከር ወጪው ትንሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ዛፍ መትከል በጎ ሥራ ነው፤ በጎነቱ የሚለካው ግን ዛፉ አድጎ በሚኖረው ዕድሜ ነው። ለግድግዳ የቀረበ ዛፍ ልክ ጥላው ሲያምር፣ ወፍ ሲሰፍርበት፣ ልጆች ሲጫወቱበት ይቆረጣል፤ የ20 ዓመት ልፋትም ማገዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ክረምት ችግኝ የምትገዙ ሁሉ፣ ሻጩን ከዋጋው በፊት ይህ ዛፍ ሲያድግ ስንት ሜትር ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሜትር ዘርጉና ከግድግዳው ለኩ፤ ቦታው ካልበቃው ሌላ ተክል ምረጡ፤ ከበቃው ያለ ስጋት ትከሉት።